የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስማርት የቤት ዕቃ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የት ይመደባል?

ጥያቄ፦ በዋይፋይ የሚታዘዝ አምፖል፣ በሩ ላይ ስክሪን ያለው ፍሪጅና በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ ልናስገባ ነው። ሦስቱም ስማርት ስለሆኑ የኃይል ቁጠባ ደረጃቸው በአንድ ደንብ ይወጣል?

መልስ፦ አይወጣም። ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሚሄደው የኃይል መለያ ውስጥ «ስማርት» የሚባል ምድብ የለም። ዕቃው የሚመደበው በዋና ሥራው ነው፤ ከኔትወርክ መገናኘቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍሪጁ ቀላል ነው። በደንብ 2019/2016 አንድ መለያ ይወጣለታል፤ ስክሪኑ የፍሪጁ አካል ስለሆነ እንደ ቴሌቪዥን የራሱ መለያ አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አምፖሉ ላይ ነው። ከኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ትእዛዝ ለሚጠብቅ ዕቃ 2 ዋት ይፈቀዳል ሲባል ይሰማና ያንኑ ለአምፖል ይወስዱታል። የ2 ዋቱ ጣሪያ ያለው ግን በደንብ 2023/826 ነው። አምፖል በራሱ ደንብ፣ በ2019/2020 ይዳኛል፤ እዚያ ጣሪያው 0.5 ዋት ብቻ ነው። ብርሃኑ ጠፍቶ 1.2 ዋት የሚበላ አምፖል መለያው «ኤ» ቢሆንም እንኳ ገበያ አይገባም።

እንዲህ ሊሆን የሚችለው ደረጃው ሲሰላ የሚታየው አምፖሉ በርቶ ሳለ ለሚበላው ዋት የሚሰጠው ብርሃን ስለሆነ ነው፤ ጠፍቶ የሚበላው አይቆጠርም። ባለ 9 ዋት አምፖል በቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ በዓመት 4.9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በቀሪው ጊዜ 0.5 ዋት ቢወስድ ደግሞ 4.1 ይጨምራል። አምፖሉ ጠፍቶ የሚወስደው ዋት ከመለያው ፊት ላይ አይገኝም፤ የኪዩአር ኮዱን አንብበው በኢፕሬል (መለያ ያላቸው ምርቶች የሚመዘገቡበት የአውሮፓ ኅብረት መዝገብ) ያለውን የምርት መረጃ ቅጽ ማየት አለብዎት።

ጠፍቶ የሚወስደውን ዋት ሲለኩ አምፖሉን መጀመሪያ ከኔትወርኩ ያገናኙት፤ ሳይገናኝ የተለካ ቁጥር ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ከዚያ ብርሃኑን በመተግበሪያው ያጥፉት። በግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ካጠፉት ኃይሉ ራሱ ይቋረጣል። የዋይፋይ ክፍሉ ኃይል የሚስበው ብልጭ ድርግም እያለ ስለሆነ ሜትሩ ላይ ያዩትን ቅጽበታዊ ቁጥር አይጻፉ፤ ንባቡ እስኪረጋጋ ጠብቀው የረዘም ያለ ጊዜ አማካይ ይውሰዱ። አምፖሉ ካሜራ ወይም ድምፅ ማጉያ ካለው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ያንን ክፍል ያጥፉት።

ስፒከሩ የኃይል መለያ የለውም። ከግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ሜይ 9 ቀን 2025) ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በደንብ 2023/826 ይገዛል፤ የ2 ዋቱ ጣሪያ የሚመለከተው እርሱን ነው። ዋይፋይ የማከፋፈል ሥራም በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ ጣሪያው 8 ዋት ይሆናል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከሜይ 9 ቀን 2027 ጀምሮ፣ ወደ 7 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ስማርት ቴርሞስታትስ (የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ)?

መልስ፦ ለብቻው ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ያለው መለያ አይለጠፍበትም። ከ1 እስከ 8 ካሉት የሙቀት መቆጣጠሪያ ክፍሎች በአንዱ ይመደብና ከቦይለር (ውኃ እያሞቀ ቤት ከሚያሞቅ መሣሪያ) ጋር በጥቅል ሲሸጥ በጥቅሉ ብቃት ላይ ፐርሰንት ይጨምራል፦ ክፍል 1 አንድ፣ ክፍል 5 ሦስት፣ ክፍል 8 አምስት። በስልክ መታዘዙ ክፍሉን ከፍ አያደርገውም። ክፍል 5 የሚያገኘው እሳቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ከሚችል ቦይለር ጋር ሲሠራ ነው፤ ቦይለሩ መብራትና መጥፋት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ 3 ፐርሰንቱን መጻፍ አይቻልም። ለክፍል 8 ደግሞ የቤቱን ክፍሎች ሙቀት የሚለኩ ቢያንስ ሦስት ሴንሰሮች ያስፈልጋሉ።