ኪችን በትንሽ ብር ማደስ፦ ጥያቄና መልስ ከሀዋሳው ቀለም ቀቢ ጋር

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ውስጥ ቤት ስቀባ 20 ዓመት ሞላኝ። ዛሬ ማታ የኪችን ጥያቄ ካላችሁ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ቤቱ ኮንዶሚኒየም ይሁን፣ ብሎኬት ይሁን፣ ጭቃ ይሁን ንገሩኝ። ግድግዳው የዘይት ቀለም ይሁን የውሃ ቀለም እሱንም ጻፉ።

ከአቶቴ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ኮንዶሚኒየም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በነጭ የውሃ ቀለም አስቀባሁት። ከምድጃው በላይ ያለው ቢጫ ሆኖ እየተላጠ ነው። ያለኝ ብር ለቀለም ብቻ ይበቃል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ። እንዲህ ዝርዝሩን ስትነግሪኝ መመለስ ይቀለኛል።

ቀለሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቀቢው ቅባት ላይ ነው የቀባልሽ። ሽንኩርት ሲቁላላ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ ግድግዳው ላይ ይቀመጣል። ዓይን አያየውም፤ ቀለም ግን አይይዝበትም። እንዲህ ሞክሪው፦ ግድግዳው ላይ የውሃ ጠብታ አድርጊ። ድቡልቡል ብላ ከቆመች ወይም ሳትሰርግ ወደ ታች ከተንሸራተተች ቅባት አለ ማለት ነው።

ሙቅ ውሃ በዱቄት ሳሙና አድርገሽ በስፖንጅ እጠቢው። ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። ከላይ ከጀመርሽ ቆሻሻው እየወረደ ደረቁን ግድግዳ ያዥጎረጉረዋል። ከዚያ በንጹህ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቂው፤ የሳሙና ቅሪትም ቀለም ያስለቅቃል። በደንብ ይድረቅ። የተነሳውን በስፓቱላ ፍቂ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ሙዪ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ፣ አቧራውን ጥረጊ። ቀለም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

መጠኑን ላስላልሽ። ኪችንሽ 2.5 በ2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር ቢሆን፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም አንዴ ሲቀባ 10 ካሬ አካባቢ ይሸፍናል። ሁለት እጅ ለመቀባት 4 ሊትር ይበቃሻል። ከዚያ በላይ ግዢ ከተባልሽ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ከምድጃው ጀርባ ላለው ብቻ ትንሽ የዘይት ቀለም ግዢ፤ በጨርቅ ይጸዳል። ነጭ አይሁን። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ቢጫ ይሆናል።

ከፒያሳ፦ ምን ዓይነት ቀለም ያምራል?

መልስ፦ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ እንኳ አልነገርከኝም። ጨለም ያለ ክፍል ከሆነ ፈካ ያለ ምረጥ።

ተከራይ ከታቦር፦ አከራዬ ቀለም አትንኩ ብለዋል። የእብነበረድ ስቲከር ልለጥፍ?

መልስ፦ ንጹህ ሴራሚክ ላይ ከሆነ ለጥፍ። ስትለቅ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀህ ታነሳዋለህ። ቀለም ላይ ከለጠፍከው ቀለሙን ይዞት ይመጣል። እሳት አጠገብ ፈጽሞ አትለጥፍ። ደግሞ መጀመሪያ ቅባቱን እጠብ።

ከሞኖፖል፦ ስቲከር አታስለጥፉት። እኔ ቤት ከሥሩ በረሮ ተራባ።

ከአላሙራ፦ በረሮ የሚመጣው ከምግብ ትራፊ ነው፤ ስቲከር ምን አደረገ?

ከሞኖፖል፦ ዋናው ጥፋት ቤት ውስጥ እንጀራ መጋገር ነው። እናቶቻችን ማድቤቱን ውጭ ያደረጉት እንፋሎቱን ስላወቁ ነው።

ከአቶቴ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውጭ የሚባል ከየት ይምጣ? ሦስተኛ ፎቅ ነኝ እኮ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ውጭ ቦታ ያለው ውጭ ይጋግር። የሌለው ምጣዱን መስኮት ሥር ያድርግ፣ ሲጋግር መስኮቱን ይክፈት፣ ከቻለ ትንሽ አየር ማስወጫ ፋን ያስገጥም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ማለት ነው። ኪችን ሲታደስ ምጣዱን ወደሌላ ጥግ አዙራችሁ በቀጭን ማራዘሚያ አትሰኩት። ገመዱ ይግላል፣ እሳት ይነሳል። ከቀለም በፊት ለምጣዱ ለሚዘረጋ ወፍራም የኤሌክትሪክ መስመር ብር መድቡ።

ጥያቄ፦ ኪችን ለማሳደስ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ምኑን? ስፋቱ ስንት ነው? እንዲህ ሲጠየቅ አልመልስም።

እትዬ ከአሮጌው ሰፈር፦ ልጄ፣ የእኔ የጭቃ ቤት ነው፣ በሲሚንቶ ተለስኗል። ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ቀለሙ ያብጣል። ሦስት ጊዜ አስቀባሁ።

መልስ፦ እትዬ፣ አራተኛ እንዳያስቀቡ። ብርዎ ያሳዝነኛል። እርጥበቱ ከውስጥ እየመጣ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና በማግስቱ ይዩት። ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካዘለ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ ከላስቲኩ ፊት ላይ ከሆነ ከኪችኑ እንፋሎት ነው።

ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ልስን ይህን ትንፋሽ ይዘጋበታል። የዘይት ቀለም ሲጨመርበት ጭራሽ ይታፈናል፤ ለዚህ ነው የሚያብጠው። በውጭ በኩል ይጀምሩ። አሸንዳው ያፈሳል? የክረምት ዝናብ ከጣሪያ ወርዶ ግድግዳው ሥር ይረጫል? አፈሩ ከውስጡ ወለል በላይ ተቆልሏል? አፈሩን ዝቅ ያስደርጉ፣ ውሃው የሚሄድበት ቦይ ይቆፈር። ይህ የአካፋ ሥራ ነው፤ ብዙ ብር አይጠይቅም። ከዚያ ያበጠውን ልስን አስፍቀው ክረምቱ እስኪወጣና እስኪደርቅ ይተዉት። በኖራ ቢያስቀቡት ግድግዳው ይተነፍሳል።

ከዳቶ፦ አዲስ ቤት ነው፣ ልስኑ ሁለት ሳምንቱ ነው። የዘይት ቀለም ልቀባ?

መልስ፦ አትቀባ። ቢያንስ 28 ቀን ይሙላው። የትኩስ ሲሚንቶ ባሕርይ የዘይት ቀለምን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ካቢኔቴ ቺፑድ ነው፣ ከሲንኩ ሥር አብጧል። ብቀባው ይመለሳል?

መልስ፦ ያበጠ ቺፑድ አይመለስም። ያንን በር ብቻ አናጺ ጋ ቀይሪ። የቀሩትን እጠቢ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ) አድርጊና ቀቢ። እጀታውን ብቻ መቀየር ራሱ መልኩን ይለውጠዋል። ሲንኩ ዙሪያ ሲልኮን ካልሞላሽ ግን አዲሱም በር ያብጣል።

ጥያቄ፦ የሴራሚኩ መጋጠሚያ ጠቁሯል። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ልቀላቅል?

መልስ፦ በፍጹም! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ለብቻው፣ መስኮት ተከፍቶ።

ከሞኖፖል፦ የዱሮ የዘይት ቀለም ነው። በደረቁ ልፋቀው?

መልስ፦ በደረቁ አይሁን። የዱሮ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ተጠራጠረው። እያረጠብክ ፋቅ፣ ልጆቹን ከቤት አውጣ።

ጥያቄ፦ ቀለሜ ለምን ይላጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለአቶቴዋ እህታችን የመለስኩትን ከላይ አንብብ። ሁለተኛ አልጽፈውም።

ከአላሙራ፦ ጋሼ፣ ጠብታዋን አሁን ሞከርኩ። ድቡልቡል ብላ ቆመች። ነገ ጠዋት ቀቢ ቀጥሬ ነበር።

መልስ፦ ደውልና ለቅዳሜ አዙረው። ነገ ሳሙና ግዛ።