ይታሽ ወይስ ይራመድ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል፤ የደም ሥር ከተቆጣ በኋላ ደም እንዳይረጋ ምን ይደረግ?

ባቴ ላይ ያለው የደም ሥር ቀልቶ ጠጥሯል። ወጌሻ ይሽልኝ? (ከፒያሳ)

በፍጹም! ወጌሻው ለውልቃት ጎበዝ ይሆናል፤ ይሄ ግን የሱ ሥራ አይደለም። የጠጠረው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ሲታሽ ተላቆ ወደ ሳንባ ቢሄድ ሕይወት ያሳጣል። ሐኪም ይዩ፤ አልትራሳውንድ ይነሱ። የረጋው ደም 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከረዘመ ወይም ወደ ብሽሽት ከተጠጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደም ማቅጠኛ ይታዘዛል። ሲሻልዎት መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ።

ሐኪሙ ተራመድ አለኝ፤ እናቴ ተኛ ትለኛለች። (ከአራት ኪሎ)

እናትህ አዝነውልህ ነው፤ ሐኪሙን ስማ። የባት ጡንቻ ሲኮማተር ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል። ስትተኛ ይህ ይቆማል። ስታርፍ እግርህን ትራስ ላይ ከፍ አድርግ። አጥባቂ ካልሲ ግን ሳትጠይቅ አታድርግ፤ የእግር ደም ዝውውሩ ለደከመ ሰው ይጎዳል።

እህቴ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። አንድ እግሯ አብጧል፤ አራስ አትነሳም እያሉ አስተኝተዋታል። (ከካዛንቺስ)

ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳት። ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ደም የመርጋት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የአንድ እግር እብጠት ደግሞ ዋና ምልክቱ ነው። አራስ ቤታችን መልካም ባህል ነው፤ ገንፎውም ጠያቂውም ይቀጥል። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋልን ግን አልደግፍም። ጤነኛዋም አራስ ብትሆን ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል፤ ውኃም ትጠጣ። በኋላ የወሊድ መከላከያ ስትመርጥ ይህን ታሪኳን ትናገር፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል።

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ጎመን ክልክል ነው? (ከመርካቶ)

ክልክል አይደለም፤ መጠኑ አይዋዥቅ እንጂ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን የሚበሉ ከሆነ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የደም ምርመራው ቀጠሮ ይቅረብ። ወገቤን አመመኝ ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ አይግዙ። ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኙ ደም ያፈስሳሉ።

መቼ ነው ወደ ሆስፒታል የምሮጠው? (ከሜክሲኮ)

ትንፋሽ በድንገት ሲያጥር፣ ሲተነፍሱ ደረት ሲወጋ፣ ሲያስሉ ደም ሲወጣ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አይቁሙ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።