«ወንጀለኛ» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። በዜና «ሦስት ወንጀለኞች በቁጥጥር ሥር ዋሉ» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ገና ፍርድ ቤት ያልቀረበን ሰው ወንጀለኛ ማለት ያስኬዳል? ደግሞስ «መንግሥት ድርጊቱን ሕገወጥ አደረገው» የሚለው አነጋገር ትክክለኛ አማርኛ ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው አያስኬድም። ምክንያቱን ሕግ ሳንገልጥ ከቃሉ አሠራር እንየው። በስም መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው «-ኛ» ሰውን ከነገሩ ጋር ያቆራኛል። ሐሜተኛ ሐሜት ልማዱ የሆነ፣ በሽተኛ በሽታ ያደረበት ነው። ወንጀለኛም እንዲሁ ወንጀሉ ያለበት፣ ወንጀሉ የእሱ የሆነ ሰው ነው። ቃሉ ለጥርጣሬ ቦታ አይተውም።

«ተጠርጣሪ» እና «ተከሳሽ» ግን አሠራራቸው ሌላ ነው። መነሻቸው ላይ ያለችው «ተ» ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው መሆኑን ትነግረናለች። ተጠርጣሪ ካለ ጠርጣሪ አለ፤ ተከሳሽ ካለ ከሳሽ አለ። ጠርጣሪም ከሳሽም ሊሳሳት ይችላል። ይህ ሁሉ በአንዲት ፊደል ውስጥ መቀመጡ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ጋዜጠኛው «ወንጀለኞች» ሲል የሚጥላትም ይህችኑ ፊደል ነው።

ሰውየው እንደ ደረሰበት ደረጃ አማርኛ ስሙን ይለውጥለታል። ፖሊስ ሲይዘው ተጠርጣሪ፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ፣ ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መዝኖ ሲወስንበት ጥፋተኛ፣ ቅጣቱ ሲነገረው ፍርደኛ፣ ማረሚያ ቤት ሲገባ ታራሚ ይባላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መብቶቹን የደረደረው በዚሁ አካሄድ ነው፤ አንቀጽ 19 ስለተያዙ ሰዎች፣ አንቀጽ 20 ስለተከሰሱ ሰዎች፣ አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ይናገራል። የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም የሚለው አንቀጽ 20 ውስጥ ነው። ስለዚህ ዜናው «በስርቆት የተጠረጠሩ ሦስት ሰዎች ተያዙ» ቢል ትክክል ይሆናል፤ አጭርም ነው። «በቁጥጥር ሥር ዋሉ» ስሕተት ባይሆንም «ተያዙ» እያለ ለምን እንደምንደክምበት አይገባኝም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያደግሁበት ሰፈር ያየሁት ነገር ስላለ ነው። አንድ ጎረቤታችን በሌብነት ተጠርጥሮ ታሰረ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነፃ ተባለና ወጣ። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት «የወንጀለኛው ልጆች» እንደተባሉ ቀሩ። ፍርድ ቤቱ ያነሣለትን ስም ሰፈሩ አላነሣለትም።

የሕጎቻችን ስም ራሱ ተለውጧል። የ1949 ዓ.ም. ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተካው ደግሞ «የወንጀል ሕግ» ነው። አሮጌው ስም ሰውየውን ከነቅጣቱ ያስቀድማል፣ አዲሱ ድርጊቱን። እኔ አዲሱን እመርጣለሁ።

ወደ «ሕገወጥ» ስንመጣ፣ ቃሉ ከሕግ የወጣ ማለት ስለሆነ ለድርጊት ይስማማል፤ ሕገወጥ ግንባታ፣ ሕገወጥ ንግድ፣ ሕገወጥ ዝውውር እንላለን። ለሰው ሲሆን ግን ይጎረብጠኛል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ብዙዎቹ በደፈናው «ሕገወጦች» ሲባሉ ሰምተናል። ጉድለቱ የወረቀት ከሆነ «የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው» ማለት ይበቃል፤ ያልነበረውን ነገር ለይቶ ይናገራል፣ ሰውየውንም አይፈርድበትም።

«ሕገወጥ አደረገው» የሚለው ሰዋስዉ አይሰበርም፤ ችግሩ ሌላ ትርጉም ይዞ የቆየ መሆኑ ነው። «ስብሰባውን ሕገወጥ ያደረገው ምልዓተ ጉባኤ አለመሟላቱ ነው» ስንል ስብሰባውን የከለከለ አካል የለም፤ ስብሰባው በአካሄዱ ተበላሸ ማለታችን ነው። ይኸው አነጋገር ሕግ አውጪው ለሚያደርገው ክልከላ ሲውል አንባቢው ይደናገራል። ለዚያ ሥራ የቆዩ ግሦች አሉን። «ከለከለ» ሰፊው ነው፤ አጥር ላይ ከሚጻፈው «ማጨስ ክልክል ነው» እስከ አዋጅ ድረስ ያገለግላል። «አገደ» ለጊዜው ያዘ፣ አቆመ የሚል ስሜት አለው፤ ፍርድ ቤት የሚሰጠው እግድ ከዚህ የመጣ ነውና ለዘለቄታ ክልከላ ባይውል እወዳለሁ። ቅጣት ያለበት ክልከላ ሲሆን ደግሞ «ወንጀል አድርጎ ደነገገ» ይባላል። የ1997ቱ ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ጠለፋ ግን በ1949ኙም ሕግ ወንጀል ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር፣ አሁን ጋብቻው አያድነውም። ስለዚህ ስለ ጠለፋ «አዲሱ ሕግ ሕገወጥ አደረገው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ታሪኩንም ያዛባል።

የሚያስቀጣ ሁሉ ከባድ ወንጀል እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ለቀላሉ ሕጉ ራሱ «ደንብ መተላለፍ» የሚል ክፍል አለው፤ ፈጻሚውንም «ደንብ ተላላፊ» ማለት ይቻላል።

ተርጓሚ ስለሆኑ ስለ «ሻረ» አንድ ነገር ልጨምር። ጾም የሻረ ሰው ጾሙን አፍርሷል፤ ቁስል ሲሽር ግን ድኗል። በቆየው አማርኛ ሕግ የሻረ ሰው ሕጉን ያፈረሰ፣ ያላከበረ ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ አማርኛ ደግሞ ሕግ የሚሽረው ሥልጣኑ ያለው አካል ነው፣ «በዚህ አዋጅ ተሽሯል» ተብሎ። ከመንገድ ላይ ዕቃ የቀማን ሰው «ሕግ ሻረ» ብለው ቢተረጉሙት የዛሬ አንባቢ ምክር ቤት የገባ ሊመስለው ይችላል። «ሕግ ጣሰ» ወይም «ሕግ ተላለፈ» ይበሉ።