«ኸር2፦ 2+» ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ?

በእናትሽ የጡት ካንሰር የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀት ላይ ያየሽው 2+ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አይደለም። «ገና አልለየለትም» ማለት ነው። አሁን የሚያስፈልጋት «ፊሽ» የሚባለው ምርመራ ነው። እሱ የኸር2ን ጂን ብዛት ይቆጥራል፣ ነገሩንም ይቆርጠዋል። ብዙ ጊዜ አዲስ ባዮፕሲ አያስፈልግም፤ በሰም ውስጥ የተቀመጠው የመጀመሪያው ናሙና ይበቃል።

ለምን ይህን ያህል እንደሚለፋበት ልንገርሽ። ኸር2 ጤነኛ ሴል ላይም ያለ ፕሮቲን ነው፤ ሴሉን «እደግ፣ ተባዛ» ይለዋል። ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት የጡት ካንሰሮች ግን ጂኑ ከልክ በላይ ይበዛና ፕሮቲኑ የሴሉን ገጽ ይሞላዋል። እንዲህ ያለው ካንሰር ቶሎ ያድጋል። ደግነቱ፣ ይኸው ፕሮቲን ለመድኃኒቱ ዒላማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ (ሄርሴፕቲን) የሚጣበቀው እሱ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ካልበዛ ግን ትራስቱዙማብ ያን ያህል አይጠቅምም፤ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሟ ያልቸኮሉት ለዚህ ይመስለኛል።

2+ የተባለበት የቀለም ምርመራ ፕሮቲኑን ቀለም ቀብቶ ያሳያል፤ በእሱ 0 እና 1+ ኔጌቲቭ፣ 3+ ፖዘቲቭ ተብለው ይነበባሉ። መሃል ላይ የቀረው የእናንተው 2+ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ናሙናው የት እንደተቀመጠ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ቁጥሩንም ጻፊው። አክስቴ ስትታከም እኛ ሳንጠይቅ ቆየን። ሲፈለግ ጠፋ፣ እሷም እንደገና ተወጋች። ያ ሁሉ ሳምንት በከንቱ ማለፉ እስካሁን ያንገበግበኛል።