«አለብኝ» በጥንቱ ግሪክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሄርማታ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ የጥንቱን ግሪክ በራሴ እማራለሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው መጽሐፌ «መሄድ አለብኝ» ለማለት «ዴይ ሜ ኢዬናይ» ይላል። የምሄደው እኔ ነኝ፤ ለምን «ኤጎ» («እኔ») አልተባለም? ሌላው የ«ይገባል» ቃል «ኽሬ»ስ ከ«ዴይ» በምን ይለያል?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግሊዝኛውን ለጊዜው ተወው። እዚሁ ጅማ የማስተምራቸው ልጆችም እሱ ነው የሚያደናግራቸው። «መሄድ አለብኝ» ስትል የግሱ ባለቤት አንተ አይደለህም። «አለ» በሦስተኛ መደብ ይቆማል፤ አንተ የምትገኘው «ብኝ» ላይ ነው። ግሪኩም እንዲሁ ነው። «ዴይ» በመደብ አይለወጥም። ሰውየው ተሳቢ ይሆናል («ሜ» ማለት «እኔን» ነው)፤ ድርጊቱ በንዑስ አንቀጽ ይመጣል («ኢዬናይ» ማለት «መሄድ» ነው)።

ኃላፊ ጊዜውም ይገጥማል። «መሄድ ነበረብኝ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አልሄደም። የ«ዴይ» ኃላፊ ጊዜ «ኤዴይ»ም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። በማቴዎስ 23፥23 ፈሪሳውያን ከአዝሙድ ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን በመተዋቸው ሲወቀሱ፣ «ይገባችሁ ነበር» የሚለው በግሪኩ «ኤዴይ» ነው።

«ኽሬ» የቆየው ቃል ነው። የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ ሆሜር የሚወደው እሱን ነው፤ ስለ ትሮያ ጦርነት በሚተርከው ግጥሙ በኢሊያድ ውስጥ «ዴይ» የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 9ኛው መጽሐፍ ላይ የተቆጣው የግሪኮች ጀግና አኪሌስ «ግሪኮች ከትሮያውያን ጋር ለምን መዋጋት አለባቸው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። አዲስ ኪዳን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። «ዴይ» ሞልቷል፣ «ኽሬ» ግን ያዕቆብ 3፥10 ላይ ብቻ አለ፤ ከአንድ አፍ በረከትና እርግማን ሊወጣ አይገባም የሚለው ጋ። ቦታው ለቃሉ ተስማምቶታል እላለሁ፤ «ኽሬ» የሚያምረውን፣ የሚገባውን የመናገር ቃና አለውና።

ሌላውን የግዴታ ቃል «ኦፌይሎ»ን ደግሞ ከሱቅህ ታውቀዋለህ። ዱቤ የወሰደ ደንበኛህ «መቶ ብር አለብኝ» ይልሃል፣ ቀጥሎም «መሄድ አለብኝ» ብሎ ይወጣል። «ኦፌይሎ»ም ለገንዘቡም ለግዴታውም ያገለግላል። ዮሐንስ 13፥14 ላይ እርስ በርስ እግር መተጣጠብ የታዘዘው በዚህ ቃል ነው። ይህን ጥቅስ በግሪኩ እንድታነበው በጣም እፈልጋለሁ።

የሚከብድህ ግዴታን የሚገልጸው፣ በ«ቴኦን» የሚያልቀው የግስ ቅርጽ ነው። «ግራፕቴኦን ሞይ» ማለት «መጻፍ አለብኝ» ነው፤ «ሞይ» ግን «ለእኔ» ነው። አዲስ ኪዳን ውስጥ ሉቃስ 5፥38 ላይ ብቻ ይገኛል፤ አዲሱ ወይን በአዲስ አቁማዳ ይደረግ የሚለው ላይ። የፈላስፋውን የፕላቶን ጽሑፎች ስትጀምር ግን ደጋግሞ ይመጣብሃል። ያን ጊዜ እንደ «ሞይ» የ«ለ» ትርጉም ያለውን ቃል ስታይ፣ ድርጊቱን መፈጸም ያለበት ሰው እሱ መሆኑን ያዝ።