ድንኳንና ጀበና ይዞ ጫካ መግባት፦ ስለ ካምፒንግ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት "ዘንድሮ ካምፒንግ ለመውጣት ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን ወዲህ በሉ" ብዬ ነበር። ጎርፍ አመጣሁ። አብዛኛው ጥያቄ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ መልሴን አንድ ቦታ ላይ አስሬዋለሁ፤ ዳውታት ስቴት ፓርክ። በቨርጂኒያ ምዕራባዊ ጫፍ፣ አሌጌኒ ተራሮች መሀል ነው። በዓመት ሁለቴ እሄዳለሁ። አዋቂ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ስህተቱን ሁሉ ቀድሜ ሠርቼላችኋለሁ።

ሼናንዶዋ እያለ ለምን እስከዚያ ድረስ?

ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነው፣ ያምራልም። ግን በጥቅምት ቅዳሜ ሄዳችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጫካ ሳይሆን የመኪና ሰልፍ ነው የምታዩት። ዳውታት ከዲሲ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሀይዌይ 66ን ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ 81ን ወደ ደቡብ፣ ሌክሲንግተን ላይ 64ን ወደ ምዕራብ ይዛችሁ መውጫ 27 ላይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለችው ጠባብ መንገድ ወንዙን ተከትላ ሸለቆው ውስጥ ትገባለች። ስልካችሁ ኔትወርክ የሚያጣው እዚያ ነው። ለእኔ ዕረፍቱ የሚጀምረውም እዚያ።

ፓርኩ ወደ 20 ሄክታር የሚሆን ሐይቅ አለው፤ ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ነው። በዙሪያው ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ የእግር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1936 ቨርጂኒያ በአንድ ቀን ከከፈተቻቸው ስድስት ስቴት ፓርኮች አንዱ ነው። የሠሩትም በሩዝቬልት ዘመን በሥራ አጥነት ምክንያት የተመለመሉ ወጣቶች ናቸው። በወር 30 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ እኛ ብቻ የጀመርነው ነገር ይመስለን ነበር። የጠረቧቸው የግንድ ቤቶች ዛሬም ይከራያሉ፤ ድንኳን አልወድም የሚል ዘመድ ካላችሁ እዚያ አስገቡት።

እናቴ "ገንዘብ ከፍላችሁ ሜዳ ላይ ልትተኙ?" ብላ ሳቀችብን። ምን ልበላት?

እውነቷን ነው በላት። እኔም ለእናቴ የሚሆን መልስ እስካሁን አላገኘሁም። ግን አንዴ ይዘሃት ሂድ። የእኔዋ ሁለተኛው ቀን ላይ ማንም ሳያነቃት በጠዋት ተነስታ ጭራሮ ስትሰብር አገኘኋት። እሳት እንዴት እንደሚያያዝ ከእኔ ቪዲዮ ሁሉ በተሻለ ታውቃለች።

ዕቃው ስንት ያስወጣል? ከዜሮ ነው የምንጀምረው።

የመጀመሪያውን ጉዞ ተዋሱና ሂዱ። ከወደዳችሁት ከዚያ በኋላ ትገዛላችሁ። ድንኳኑ ላይ "የአራት ሰው" ከተባለ ሁለት ሰውና ሻንጣ ብላችሁ አንብቡት። ገንዘብ ካላችሁ ከላይ ለሚለበሰው ሳይሆን ከሥር ለሚነጠፈው አውጡ። መሬት ሙቀት ይስባል፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደርባችሁ ከሥር ባዶ ከሆናችሁ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጡ ታድራላችሁ።

የመጀመሪያ ሌሊቴን ልንገራችሁ። ከድንኳኑ ሥር ሸራ አነጠፍኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ሰፋ ያለ ገዝቼ፣ በአራቱም በኩል አንድ ክንድ ያህል ተርፎ ወጣ። ሌሊት ዘነበ። የተረፈው ሸራ ውኃውን እንደ አሸንዳ እየተቀበለ ከሥራችን አስገባው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔና ባለቤቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። ሸራው ከድንኳኑ ማነስ አለበት፤ የሚተርፍ ካለ ወደ ሥር እጠፉት። ዝቅ ያለ ቦታ ላይም አትትከሉ።

ጋቢ ይበቃል?

እሳት ዳር ለመቀመጥ ከጋቢ የሚበልጥ የለም። ለእግር ጉዞ ግን አይሆንም። ጥጥ ነው፤ አንዴ ከረጠበ ይከብዳል፣ ይበርዳል፣ እዚያ እርጥበት ውስጥ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ፍንጣሪም ያበሳዋል። ዓይናችሁ የሚሳሳለትን ቤት ተዉት።

ቡና ማፍላት ይቻላል? ሙሉ ሥርዓቱን ማለቴ ነው።

ይቻላል፣ እኔ ያለሱ አልሄድም። የመቁያውን ብረት ምጣድ ፍሙ ላይ ጣዱት እንጂ ነበልባሉ ላይ አይሁን፤ ቡናው ከውጭ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የሸክላ ጀበናም እንደዚሁ ነው። ቀጥታ ነበልባል ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ ፍሙን በዱላ ወደ ዳር ጎትቼ ትንሽ መደብ እሠራለታለሁ፣ እዚያ ላይ ቀስ ብሎ ይፈላል። አንገቱ ላይ ሲንተከተክ ያለው ድምፅ ያን ጸጥታ ውስጥ ሲሰማ ሌላ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ቄጤማ ብላችሁ የፓርኩን ሣር እንዳታጭዱ፤ ተክል መንቀል ክልክል ነው። አተላውን ደግሞ ዛፍ ሥር አትድፉ፣ በፌስታል ቋጥራችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ። ሲኒውንም የጋራ ቧንቧው ሥር አትጠቡ፤ ቀጥሎ ውኃ ሊቀዳ የሚመጣው ሰው የእናንተን አተላ ማየት የለበትም።

ሌሊት ከበረደን ከሰል አቀጣጥለን፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ድንኳን ውስጥ ብናስገባስ?

አይሆንም። ይህን ጥያቄ ሦስት ሰው ነው የጠየቀኝ፣ ስለዚህ ሳልቀልድ ልመልስ። ጭሱ ሲያልቅ ያለቀ የሚመስለን ነገር አላለቀም። የቀላ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይለቃል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። መጀመሪያ ራስ ምታትና ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ራሱን እንዳመመው እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። አገር ቤት በክረምት ከሰል ቤት አስገብተው ስላደሩ ሰዎች ያልሰማ የለም። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠባል። መስኮቱን ከፈት ማድረግ አያድንም። ሊጠፋ የደረሰ ፍምም፣ የጋዝ ምድጃም፣ እጣን ማጨሻም ውስጥ አይግባ። ከበረዳችሁ የፈላ ውኃ በጠርሙስ አድርጋችሁ እግራችሁ ሥር አስገቡ። ክዳኑን ግን ሁለቴ አረጋግጡ።

ማገዶ ከቤት ጭነን እንምጣ? ጓሯችን ውስጥ የተቆረጠ ዛፍ አለ።

ተዉት። እዚያው ወይም እዚያው አቅራቢያ ግዙ። ምክንያቱ ገንዘብ አይደለም። ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ አሽ የሚባለውን ዛፍ በብዙ ሚሊዮን ጨርሷል። በራሱ ክንፍ ብዙም ርቆ አይሄድም። ሩቅ የሚያደርሰው ሰው ነው፤ ትሉ ቅርፊት ሥር ተደብቆ ከማገዶ ጋር ይጓዛል።

ድብ አለ ይባላል። ከልጆች ጋር ነኝ፣ እውነቱን ንገረኝ።

አለ እህቴ። ጥቁር ድብ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሰው ሲያይ የሚሸሸው እሱ ነው። ካያችሁት አትሩጡ። ልጆቹን ወደ ራስሽ ሰብስቢ፣ ረጋ ባለ ድምፅ አናግሪው፣ ፊትሽን ሳታዞሪ ወደ ኋላ አፈግፍጊ። መንገድ ስጪው።

ድብን የሚጠራው ምግብ ነው። የእኛ ምግብ ደግሞ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ቅቤ የገባበት ወጥ ጠረጴዛ ላይ ክዳን አድርጎ ማደር ግብዣ ነው። እኔን ድብ ሳይሆን ራኩን የሚባል ትንሽ የሌሊት አውሬ ነው የቀጣኝ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኜ ተኛሁ። ጠዋት ድንጋዩ በሥርዓት መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ድስቱ ተልሷል፣ እንቁላሉ የለም። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙናና ሎሽን ሳይቀር መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳ አይግባ።

ጅብስ? (ይህ ከአንድ አባት የመጣ ነው።)

የለም አባቴ። በሰላም ይተኙ።

መዥገር ያን ያህል ያስፈራል ወይስ አጋናችሁት?

እኔ ከድብ ይልቅ የምፈራው መዥገርን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካሉት ሁለት ዓይነት ልጥቀስ። አንዱ "ላይም" የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ከተነከሳችሁ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካያችሁ፣ ወይም ትኩሳት ከተሰማችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ጫካ እንደነበራችሁም ንገሩት።

ሌላኛው ሎን ስታር ይባላል። የሴቷ ጀርባ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አለ። ይህኛው አንዳንድ ሰው ላይ የሚያመጣው ጣጣ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ጭካኔ ነው፤ የቀይ ሥጋ አለርጂ። ክትፎ በልታችሁ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ሰውነት ያሳክካል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ሲብስ መተንፈስ ያቅታል። ከምግቡ በኋላ ስለሚዘገይ ብዙ ሰው ከሥጋው ጋር አያገናኘውም። ዶሮና ዓሣ ችግር የለባቸውም። በግም፣ በሬም፣ ፍየልም ግን አለቀ።

ስለዚህ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። አያምርም፣ ማንም አያያችሁም። ፐርሜትሪን የሚባለውን ፀረ ተባይ ልብስና ጫማ ላይ ቀድማችሁ ረጩ፣ ቆዳ ላይ ግን አይሆንም። ማታ ማታ ተፈታተሹ፤ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ፀጉር ውስጥ። ተጣብቆ ካገኛችሁት በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ሥር ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት መለብለብ የሚባለውን የአገር ቤት ዘዴ እርሱት። ቶሎ መንቀል ነው ቁም ነገሩ፤ የላይም በሽታ ለመተላለፍ መዥገሩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ መጣበቅ አለበት።

የምንወጣው ፍልሰታ ላይ ነው። ምን እንብላ?

ከሁሉ የቀለለው እሱ ነው። ሽሮ በአንድ ድስት ይሠራል። ለመንገድ በሶና ቆሎ። ሱቅ ውስጥ በውድ የሚሸጡትን የተራራ ብስኩቶች ሁሉ ሞክሬአለሁ፣ ጠርሙስ ውስጥ ተበጥብጦ የሚጠጣ በሶን የሚያህል የለም። እንጀራውን ድርብ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ከበረዶው በላይ አስቀምጡት። እኔ አንዴ ከሥር አድርጌው፣ በረዶው ሲቀልጥ እንጀራው ወደ አጥሚትነት ተለወጠ።

የትኛውን መንገድ እንሂድ? ከመካከላችን ከሶፋ ተነስቶ የማያውቅ አለ።

የመጀመሪያው ቀን ሐይቁን ዳር ዳሩን ሂዱ። ሜዳ ነው፣ ልጅም ይችለዋል። ሁለተኛው ቀን ወደ ቱስካሮራ ማያ ውጡ። አቀበት ነው፣ ላብ አለው። ላይ ስትደርሱ እነዚያ ወጣቶች የሠሯት ትንሽ የእንጨት ጎጆ አለች፤ ሐይቁ ከታች እንደ ሳንቲም ይታያል። ምሳችሁን እዚያ ብሉ።

በአቀበት በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስሉ፣ ከዚያም ዕረፍት ጨምሩ። ስልክ ካርታ አያወጣም፤ ስትገቡ ከቢሮው የወረቀት ካርታ ውሰዱ። ግንድ ላይ የተቀባውን ቀለም ተከተሉ። ለተወሰነ ጊዜ ቀለሙን ካላያችሁ ወደ መጨረሻው ያያችሁት ዛፍ ተመለሱ፣ "በዚህ በኩል ይመስለኛል" የሚለውን ሰው አትስሙ። እኔን ማለቴ ነው።

ጥቁር ስንሆን ያን ያህል ገጠር ውስጥ ችግር የለውም? በግልጽ።

በግልጽ፣ ዳውታት ውስጥ ክፉ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ቤንዚን ማደያ ላይ ረዘም ያለ እይታ ገጥሞኛል። ጥያቄው ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ፓርኩ ሲከፈት ለነጮች ነበር። ቨርጂኒያ ለጥቁሮች የተለየ ፓርክ ፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ላይ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ዛሬ ትዊን ሌክስ የሚባለው ፓርክ አካል ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ሆኜ፣ በቀን ብርሃን ደርሼ ነው ድንኳን የምተክለው። ባለፈው መጸው ከጎናችን የሰፈሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት የሚቆላው ቡና ሲሸታቸው ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ሦስተኛውን ሳይጠጡ አልሄዱም፤ ሌሊት እንቅልፍ ስለማጣታቸው ጠዋት ነገሩን።

አሥራ አምስት ሰዎች ነን። ቦታ እናገኛለን?

አንድ የድንኳን ቦታ ለስድስት ሰው ነው፣ ወይም ለአንድ ቤተሰብ። ስለዚህ ሦስት ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎች ያዙ። ከአሥራ አንድ ወር በፊት ጀምሮ መያዝ ይቻላል፤ ቅጠል የሚቀላበት ጥቅምትና የበዓል ቅዳሜዎች ቀድመው ያልቃሉ። ማክሰኞና ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ካገኛችሁ ጫካው የእናንተ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ጸጥታ ነው። እስክስታው ከዚያ በፊት ይለቅ፣ ስፒከሩም ቤት ይቅር።

ስንለቅ እሳቱን አፈር ብናለብሰው ይበቃል?

አይበቃም። አፈር ፍሙን ያዳፍነዋል። እናቶቻችን ለነገ እሳት ለማቆየት ያዳፍኑ የለ? ያው ነው። ውኃ ድፉበት፣ በዱላ አማስሉት፣ እንደገና ድፉ። ሽሽ የሚለው ድምፅ ዝም ሲል የእጃችሁን ጀርባ ቀረብ አድርጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ አንድ ባልዲ ይጨመር።