«ፓርት ታይም መደራጀት አይችልም» ለተባልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለገጣፎ አካባቢ ባለ የግል ኮሌጅ ማታና ቅዳሜ እንደምታስተምሪ፣ ጥር ላይ ያለቀው ሴሚስተር ክፍያ እስካሁን እንዳልገባልሽ፣ ማህበር እናቋቁም ስትሉ ደግሞ ዲኑ «ፓርት ታይም መደራጀት አይችልም» እንዳላችሁ ጽፈሻል። እኔም በዚያው አቅጣጫ ባለ ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። የማህበራችን ጸሐፊ ነኝ። እኛ ያየነውን አበሳ አንቺ እንዳታዪ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

1ኛ. ዲኑ ተሳስቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለማህበር ጉዳይ ሙሉ ሰዓትና ፓርት ታይም ብሎ አይለይም። ከሥራ መሪዎች በስተቀር በግል ኮሌጅ ተቀጥሮ፣ በኮሌጁ አመራር ሥር በደመወዝ የሚሠራ ሁሉ ሠራተኛ ነው። 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማህበር ማቋቋም ይቻላል፤ አባላቱ ከ10 እንዳያንሱ ብቻ ነው። የአሠሪው ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ዲናችሁ ምናልባት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር አምታቶት ይሆናል። እነሱ የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

«እናንተ በኮንትራት የምትመጡ ባለሙያዎች እንጂ ሠራተኞች አይደላችሁም» ማለታቸው አይቀርም። እኛንም ብለውናል። እኛ ያቀረብነው ስማችን ያለበትን ፔይሮል ነው። የሥራ ግብር ተቆርጦበታል። የክፍል ፕሮግራሙን የሚያወጣው ኮሌጁ፣ የፈተናውን ቀን የሚወስነው ኮሌጁ፣ ስንገባና ስንወጣ የምንፈርምበትን ወረቀት የሚይዘው ኮሌጁ። ታዲያ ሠራተኛ ካልሆንን ምንድን ነን? የባሰው ደግሞ ተቆጣጣሪዎች የመምህራንን ቁጥር ሊያዩ ሲመጡ ስማችን ቋሚ መምህራን ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። ለቁጥጥር ሲሆን ቋሚ፣ ለደመወዝ ሲሆን ፓርት ታይም! ጡረታማ ጭራሽ አይነሳ። ሕጉ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይላል፤ ለእኛ ግን ማንም ሳንቲም አስገብቶልን አያውቅም።

2ኛ. ይርጋ፣ ማለትም መብትሽን ሳትጠይቂ ካለፈ የሚያስቀርብሽ የጊዜ ገደብ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ። ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ በክስ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ተባርሮ ወደ ሥራዬ ልመለስ ለሚል ደግሞ ያለው 3 ወር ብቻ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ነው የተበላው። ስታቲስቲክስ ያስተምራል። ጨዋና ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለት ክፍል አስተምሮ፣ ግሬድ አስገብቶ፣ የክፍያ መጠየቂያ ፎርሙን ሞላ። ያንን ፎርም ታውቂዋለሽ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይፈርምበታል፣ ዲን ይፈርምበታል፣ ሬጅስትራር ይፈርምበታል፣ ከዚያ ፋይናንስ ይወስደውና መምህሩ እጅ ላይ ምንም አይቀርም። በሄደ ቁጥር በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል «ተማሪዎች ክፍያ ሲያጠናቅቁ ይገባልሃል» ይሉታል። አንድ ቀን እንኳ «አንከፍልህም» አላሉትም። እሱም አመነ። ከመገናኛ እስከ ግቢው የታክሲ ከራሱ ኪስ፣ የፈተና ኮፒ ከራሱ ኪስ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍል ሲለቅ ታክሲ ጠፍቶ ጭቃውን በእግሩ። በኋላ ሲመረው ከሰሰ። የኮሌጁ ጠበቃ ስለ ሥራው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «በይርጋ ታግዷል» ብሎ ተቀመጠ፤ አበቃ። የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ላብ ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ የቃል ቀጠሮ አትቀበዪ። ይርጋ የሚቋረጠው ሥልጣን ላለው አካል አቤቱታ ስታቀርቢ ወይም አሠሪው ዕዳውን ሲያምን ነው። «ይህን ያህል ክሬዲት አወር አስተምሬ ያልተከፈለኝን» ብለሽ ደብዳቤ ጻፊና ግልባጩ ላይ አስፈርሚ። አንፈርምም ካሉ በሪኮማንዴ በፖስታ ላኪ። ግን ያንቺ ደብዳቤ ብቻውን ይርጋውን አያቆመውም። የምትፈልጊው «አዎ፣ አለብን» የሚል የእነሱ ጽሑፍ ነው። እኛ በማህበሩ ስም ስንጽፍ ፋይናንስ «ያልተከፈለ ሂሳብ መኖሩን እናረጋግጣለን» ብሎ በማህተም መለሰ። ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ናት የብዙዎቻችንን ገንዘብ ያስወጣችው።

ክፍያ እስኪገባ ብሎ ግሬድ መያዝን በተመለከተ ግን አደራ፣ አታድርጉት። ተማሪው ምን በደለ? ለኮሌጁ ኃላፊዎችም ጥሩ ሰበብ ትሰጫቸዋለሽ። ግሬዱን አስገቢ፣ ማስገባትሽን ሬጅስትራር ያስፈርሙልሽ።

3ኛ. ምዝገባው። እዚህ ጋ ነው አሳራችንን ያየነው። መሥራች ጉባኤ አደረግን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን፣ መተዳደሪያ ደንብ አጸደቅን፣ የተመራጮችን ስም፣ አድራሻና ፊርማ አያይዘን የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ሰው ዶሴውን ሳይከፍተው «ፓርት ታይም ናችሁ አይደል? ከኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ» አለን። አስቢው እንግዲህ፣ ከሚያስፈራራን ሰው የድጋፍ ደብዳቤ! አዋጁን አውጥተን አንቀጹን ብናሳየው «እኔን ሕግ ልታስተምሩኝ ነው?» ብሎ ስልኩን ማየት ጀመረ። አብራን የነበረችው የግቢው ጽዳት ሠራተኛ፣ እናቴ የምትሆን ሴት፣ ቆማ ነው የዋለችው። ወንበር እንኳ አላላትም። በኋላ ደግሞ «ካምፓሳችሁ የእኛ ክልል አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ቢሮ ላከን፤ ያኛውም ዋናው መሥሪያ ቤታችሁ የት ነው ብሎ መለሰን።

አንቺ ዘንድ ይህ ጣጣ የባሰ ነው። ለገጣፎ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ የኮሌጁ ዋና ቢሮ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ታፔላው ላይ የተጻፈውን አትመኚ። የካምፓሱ ንግድ ፈቃድ በየትኛው አስተዳደር እንደወጣ አስቀድመሽ አጣሪ። ጉዳዩ ወደ ኦሮሚያ ቢሮ የሚሄድ ከሆነ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነውና ማመልከቻውን በዚያው አስጽፉ። ከመካከላችሁ የሚችል መምህር አይጠፋም።

ስትገቡ ደግሞ ቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ሂዱ። ባለሙያውን ከማናገራችሁ በፊት ማመልከቻው ገቢ ይሁን፤ ቀንና ቁጥር ተጽፎ ማህተም ይመታበት። ምክንያቱም አዋጁ ለመዝጋቢው የሚሰጠው 15 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሳኔውን ካላሳወቀ ማህበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ገቢ የተደረገበት ማስረጃ ከሌለሽ ግን 15 ቀኑ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል? እኛ መጨረሻ ላይ ይህን ይዘን ኃላፊዋ ዘንድ ገባን። አንብባ ስትጨርስ ያንን ሰው ራሱን ጠርታ ሰርተፍኬቱን እንዲያዘጋጅ አዘዘችው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ አላገኘሁትም።

ከዚያ በኋላ ምን መጣ መሰለሽ? በቀጣዩ ሴሚስተር ለሊቀመንበራችንና ለእኔ «ኮርስ የለም» ተባለ። የምናስተምረው ኮርስ ግን አዲስ ለመጣ ልጅ ተሰጥቷል። ውላችሁ በሴሚስተር ነው አሉ። በአዋጁ መሠረት ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚሆነው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። የማህበር አባል መሆንም ለስንብት ምክንያት አይሆንም። በየሴሚስተሩ ሳይቋረጥ ያስተማርንበትን ፕሮግራም ደርድረን በ3 ወሩ ውስጥ አቤት አልን። ጉዳዩ በአስማሚ አለቀ፣ ተመለስን። የየሴሚስተሩን ፕሮግራም ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

መምህራኑን ብቻ ይዘሽም አትሂጂ። በኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማህበሩ ሠራተኛውን ወክሎ ከአሠሪው ጋር በሚያደርገው ውል፣ ለመደራደር ከድርጅቱ ሠራተኛ ከግማሽ በላይ አባል ያስፈልጋችኋል። እኛ ዘንድ ቀድመው የፈረሙት ጥበቃዎቹና ጽዳቶቹ ናቸው። ከእኛ ከማስተርስ ባለቤቶቹ ይልቅ ልብ ነበራቸው። የናሙና ደንብ ለማግኘት መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ጋ ሂዱ።

የእኛ ኅብረት ስምምነት ገና አልተፈረመም። የዓመት ፈቃድና ጡረታ ላይ ዛሬም እየተሟገትን ነው። ክፍያ ግን አሁን በየወሩ ይገባል።

የአንቺ ገንዘብ መከፈል የነበረበት ጥር መጨረሻ ከሆነ ቀኑ የሚያልቀው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ፍርድ ቤቶች ደግሞ በክረምት ዕረፍት ይወጣሉ። ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት አስገቢ፤ ካልመለሱልሽ ሰኔን ሳትጨርሺ አቤቱታሽን አቅርቢ። የእኛን ቃለ ጉባኤና የደብዳቤውን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።